የአባ ጠጠር በጎ ሥራ

ጭቃ የሰውን አመል ያወጣል። ክረምት በገባ ቁጥር በታችኛው ሰፈር መንገድ ላይ ጨዋው ተሳዳቢ፣ ዝምተኛው ለፍላፊ ይሆን ነበር፤ ጫማው በጭቃ ተውጦ በአንድ እግሩ ከቆመ ሰው ምን ጨዋነት ይጠበቃል? ከዚህ ጣጣ ሰፈሩን የገላገለው ባትሪ ሠሪው ነው። አሮጌ የመኪና ባትሪ ሰብሮ፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጦ፣ መልሶ ባትሪ እያደረገ የሚተዳደር ሰው ነው። ከማቅለጫው ሥር የሚቀረውን ጥቁር ጠጠር በእጅ ጋሪ እየገፋ መጀመሪያ የራሱን ደጅ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ግቢ፣ በኋላም መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ደለደለው። ለድካሙ ሳንቲም አልጠየቀም። ሰፈሩም ምስጋናውን በስም ከፈለው፤ «አባ ጠጠር» አለው። እሱም ስሙን ወደደው። እናቱ ባወጣችለት ስም ሲጠሩት ዘግይቶ፣ በዚህኛው ሲጠሩት ግን ቶሎ ይዞር ነበር።

አንድ ማለዳ ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሪውን ሞልቶ ወደ ሴት ልጁ ቤት ሲገፋ፣ የወንድሙን ልጅ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ አገኛት። የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ አሳድጎ፣ አስተምሮ ለቁም ነገር ያበቃት አባ ጠጠር ነው። በአንድ እጇ የሻይ ማንኪያ፣ በሌላው ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዛ ከደረቀ ችግኝ ሥር አፈር ትጭራለች።

ችግኙን የተከለው የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚሽን ነው። ስሙ ሲጠራ ሕንፃና ሹፌር ያለው መሥሪያ ቤት ይመስላል እንጂ ኮሚሽኑ ማለት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የስልክ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥዋ የምትይዘው ገንዘብ ኖሯት የማያውቅ ልብስ ሰፊ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ይህችው የአባ ጠጠር የወንድም ልጅ። የሚሰበሰቡት በልብስ ሰፊዋ ሱቅ፣ በተንጠለጠሉ ኮቶች መካከል ነው። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። የከተማው ሰው ግን «ኮሚሽኑ ከመቶ ስንት ነው?» እያለ ያሾፍባቸዋል፤ ያለ ጥቅም የሚለፋ ሰው ሲያይ የተደበቀ ጥቅም ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሕዝብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ማኅተም ሰጣቸው እንጂ ጆሮ አልሰጣቸውም። በዚያ መንገድ ዳር ደጋግመው ተከሉ፤ ደጋግሞ ደረቀባቸው።

«እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ! ምን ጠፍቶብሽ ነው በጠዋት አፈር የምትጭሪው?» አለ አባ ጠጠር።

«እንዴት አደሩ ጋሼ። የጠፋብኝስ ነገር የለም፤ ያልጠበቅሁትን ነው ያገኘሁት።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እናንተ ኮሚሽኖች ምን ይሻላችኋል? ችግኝ ሲተከል ውሃ ይጠጣል እንጂ ፎቶ አይነሳም።»

ቀልዱ ውስጥ እውነት ነበረበት። የኮሚሽኑ ሰዎች ለተከላው ቀን ግልብጥ ብለው ይመጣሉ፤ ለማጠጣቱ ቀን ግን አንዱ እንግዳ ይመጣበታል፣ አንዱን ወገቡን ያመዋል። የወንድሙ ልጅም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም።

«ጋሼ፣ ያንን ጋሪ ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ወዴት ይሆናል? ለእህትሽ ነዋ! ግቢዋ ረግረግ ሆኖ ልጇ ሚጣ የምትጫወትበት ደረቅ መሬት አጣች።»

«እባክዎ ዛሬ አይድፉት። ስለ እግዚአብሔር ብዬ ነው የምለምንዎ።»

«ስለ እግዚአብሔር» ሲባል ሰው ይደነግጣል። አባ ጠጠር የጋሪውን እጀታ ለቀቀ። ምን ሆነሻል ብሎ ሊጠይቃት ሲል ዝናቡ እንደገና ወረደ፤ ሁለቱም ወደ ባትሪ ቤቱ ሮጡ።

ባትሪ ቤቱና መኖሪያ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የተሰበሩ ጥቁር የባትሪ ሳጥኖች እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተደራርበዋል። የአሲዱ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ አባ ጠጠር ግን ከሸተተው ብዙ ዘመኑ ነው። አሲድ በልቶት ወንፊት የሆነ የሥራ ቱታው በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ባዶ ሳጥን ገልብጦ፣ በመዳፉ ጠርጎ ለልጅቱ ሰጣትና እሱም በሌላው ላይ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ችግኙ ለምን እንደሚደርቅ ለማወቅ ከዚህ መንገድ አፈር ወስደን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ልከን ነበር። አፈሩ በእርሳስ የተሞላ ነው አሉን። አላመንኩም፤ ደግሜ ላክሁ፤ ያው ሆነ። እርሳሱ የመጣው እርስዎ ለመንገዱ ከሚያለብሱት ጠጠር ነው።»

«እና እርሳስ ቢሆንስ? እርሳስ ድንጋይ ነው። አይሸት፣ አይናከስ። መሬት ደግሞ ሁሉን ትችላለች፤ ሬሳ እንኳ ትችላለች።»

«መሬትስ ትችላለች። የማይችለው በላይዋ የሚድኸው ነው። ጠጠሩ በእግርና በጎማ ሲፈጭ በበጋ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ቤት ይገባል፣ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። እኛን ትልልቆቹን ቀስ ብሎ የሚጎዳን ነገር ልጅን አይታገሥም፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ደሙን ያሳንሰዋል፣ አእምሮውን ያደነዝዘዋል።»

«እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሮ በዚህ እጄ ይዤዋለሁ። ሞትኩ?» ብሎ እጁን ዘረጋላት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱም አዩት። አባ ጠጠር ቶሎ ብሎ ወደ ኪሱ ከተተው።

«ዕድሜ ነው» አለ።

«ይሁን፣ ዕድሜ ነው። የሕፃናቱ ቁርጠትስ? የታችኛው ሰፈር ልጆችን የምታስተምረዋ መምህርት ‹ዛሬ ያወቁትን ነገ አያውቁትም› እያለች ስታለቅስ እርስዎም ሰምተዋል። የላይኛው ሰፈር ልጆች እንዲህ አይደሉም። የሚበሉት ያው ነው፣ የሚጠጡት ውሃ ከአንድ ቧንቧ ነው። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ የእነሱ ደጅ ዛሬም ጭቃ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ እንዴት አንድ ሰው አልጮኸም? ይሄ ሁሉ ሰው ዕውር ነው?»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ጋሼ። መርዙ በአንድ ቀን ቢጥል ኖሮ ሁሉም ይጮህ ነበር። ቀስ እያለ ስለመጣ ግን አንዱን ልጅ ‹ሰነፍ ነው› አልነው፣ አንዷን ‹ሆዷ ደካማ ነው›፣ አንዱን ‹በአባቱ ወጥቶ ነው›። ለእያንዳንዱ ስም አወጣንለት።»

አባ ጠጠር ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለ።

«ስሚ! የወንድሜ ልጅ ባትሆኚ ኖሮ ይሄኔ በሩን አሳይሽ ነበር። ይሄ መርዝ የምትዪው ነው ደብተር የገዛልሽ። ይሄ ነው ነጭ ጋዋን ያለበሰሽ። ማዘጋጃ ቤቱ በአደባባይ ‹አርአያ ዜጋ› ብሎ ያስጨበጨበልኝ በዚሁ ነው። አሁን ከነዚያ ሥራ ፈቶች ጋር ሆነሽ ባጎረስኩሽ እጄን ትነክሺኝ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ቃል እንደምትሰማ ስለምታውቅ ወደ እሱ ልትመጣ ተነስታ ስንት ቀን ከመንገድ ተመልሳለች።

«ያጎረሱኝን አልክድም» አለች። «እርስዎ ባያስተምሩኝ ይሄን ማወቅ አልችልም ነበር። አውቄ ዝም ካልኩ ታዲያ ያስተማሩኝ ለምንድን ነው?»

እንዲህ ያለ መልስ ሽማግሌ የሚያሳምነው በመጽሐፍ ውስጥ ነው። አባ ጠጠርን ግን ይበልጥ አናደደው። መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

በዚህ መካከል ሴት ልጁ ሚጣን በአንድ እጇ፣ ወተት የሞላ ጣሳ በሌላው ይዛ ገባች። አባቷ ማቅለጫውን በሚያነድድበት ቀን ሁሉ ወተት ታመጣለታለች። ፊታቸው መጥቆሩን አየችና «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ሁለቱም «ምንም» አሉ፤ አብረው «ምንም» የሚሉ ሰዎች ምን ጊዜም አንድ ነገር አላቸው፤ እሷ ግን የዳቦ ቤት ወረፋ እንዳያልፋት ቸኩላ ነበርና «አንድ አፍታ ልጅቷን እዩልኝ» ብላ ወጣች።

ሚጣ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። አምና «አያዬ፣ ጋሪ ላይ አውጣኝ!» እያለች ሰፈር ታናውጥ ነበር። ዘንድሮ ቃሉ አንድ በአንድ ጠፋባት፤ አሁን የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች። ሰው ሲጠይቅ አባ ጠጠር «ዓይነ አፋር ሆናለች» ይላል። ሚጣ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ የረጠበውን ጥቁር ጠጠር በጣቷ መጫር ጀመረች። አያቷ ንዴቱን ለማብረድ ጣሳውን አንስቶ ወተቱን ይጠጣል።

«ጋሼ፣ ወተቱን ለምንድን ነው የሚጠጡት?» አለችው የወንድሙ ልጅ።

«አታውቂም እንዴ? ባትሪ ሠሪ ሁሉ ይጠጣል። ሥራውን ያስተማረኝ ጌታዬ፣ ነፍሱን ይማር፣ ‹ወተት ያልጠጣህ ቀን እሳት እንዳታነድድ፤ እርሳሱ አንጀትህ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያጥበው ወተት ነው› ይለኝ ነበር።»

«እንግዲያማ መርዝ መሆኑን ያውቁ ነበር» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

አባ ጠጠር ጣሳውን ከአፉ ሳያወርድ ቀረ።

«ወተቱ እንኳ አያጥብም፤ ከጌታ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ የመጣ ማጽናኛ ነው። እርስዎ ግን ያጥባል ብለው አምነው ለራስዎ ጠጡ። ጠጠሩን ግቢያቸው ለደፉላቸው ልጆችስ ማን ወተት ሰጣቸው?»

አባ ጠጠር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ የሚመረውም ለዚህ ነው። ክፉ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ወተቱን ሲጠጣ ባትሪ ሠሪ ነበር፤ ጋሪውን ሲገፋ ደግሞ ደግ ጎረቤት፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገላ እየኖሩ አንድ ቀን ተገናኝተው አልተነጋገሩም። እኛስ ብንሆን? ለራሳችን አፍ የምንጠነቀቀውን ያህል ለሰው በነጻ ለምንሰጠው ነገር እንጠነቀቃለን? በነጻ ሰጥተን ማን ይጠይቀናል!

ጣሳውን አስቀምጦ «የልጆቹን ደም አይታችኋል?» አለ።

«ሆዳቸውን ታመው ጤና ጣቢያ የመጡትን አስመርምረናል።»

«የማንን የማንን ልጆች?»

 ዓይኗ አመለጣትና ወደ ደፉ ሄደ።

አባ ጠጠር ሮጦ ሚጣን ከደፉ ላይ አፈፍ አደረጋት። የምትጠባውን ጣቷን ከአፏ አውጥቶ በሸሚዙ ሊጠርግላት ጀመረ፤ ሸሚዙ በእርሳስ አቧራ መጥቆሩን ሲያይ ተወው። በእጁ ሊጠርግላት አሰበ፤ እጁንም አየው። በዚያ ቤት ውስጥ የልጅ ጣት የሚጠረግበት አንድ ንጹሕ ነገር አጣ።

«እናቷ ታውቃለች?»

«ውጤቱ ትናንት ነው የመጣው። መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ የምነግራት» አለ። «ተዪው፣ እኔ ልንገራት።»

ከዚያ በኋላ ክርክር ቀርቶ ጥያቄ ሆነ። ምን ይደረግ አላት፤ አንድ በአንድ አስረዳችው። ጠጠሩ ከየግቢው ተለቅሞ፣ ኮሚሽኑ በልመና ባገኘው ሲሚንቶ ከከተማው ውጭ ወዳስለሰነው ጉድጓድ ይገባል፤ በምትኩ ንጹሕ አፈር ይለብሳል። ወለል በደረቁ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ልጆች ሳይታጠቡ አይበሉም። የሥራ ቱታ መኖሪያ ቤት አይገባም፤ ማቅለጫውም ከሰው መኖሪያ ይርቃል። አባ ጠጠር እስከዚህ ድረስ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና «ማቅለጫውስ አይርቅም፤ ዛሬውኑ ይጥፋ» አለ። ሴት ልጁ ዳቦውን ይዛ ስትመለስ ግን «ዝናቡ የሚያባራ ይመስላል» ብቻ አላት። ሚጣን አቀበላት፤ እስክትርቅ ከኋላዋ ቆሞ አያት።

በማግስቱ ጠዋት «ጠጠሩን መልሱልኝ» እያለ በየደጁ ዞረ። መጀመሪያ ያንኳኳው የዳቦ ጋጋሪውን በር ነው።

«የሰጠኸውን? ምን ነካህ አባ ጠጠር?»

«መርዝ ነው። ኮሚሽኑ አስመርምሮታል።»

«ኮሚሽኑ!» ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት የነጣ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ። «ኮሚሽኑ ለጠጠር እንዲህ ከተጨነቀማ በውስጡ አንድ ነገር ተገኝቶበታል ማለት ነው። ምንድን ነው? ብር ነው? ለኔ ብቻ ንገረኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አልል።»

ሰው «መርዝ አለበት» ሲሉት ማስረጃ ይጠይቃል፤ «ብር አለበት» ሲሉት አካፋ ይፈልጋል። አባ ጠጠር ቀጣዩ ደጅ ሳይደርስ ወሬው ሰፈሩን ጨርሶ ነበር። ረፋዱ ላይ የታችኛው ሰፈር ሰው ጠጠሩን ከመንገድ እየዛቀ፣ በከረጢት እየሞላ ወደ ቤቱ ማስገባት ያዘ። አንዷ ከአልጋዋ ሥር፣ አንዱ ከዱቄቱ ጎን ደበቀው። ልጆች ማገዝ ደስ ብሏቸው በእጃቸው ይለቅማሉ። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር «ኧረ እባካችሁ!» እያለ ቢለምን «ድርሻህን ውሰድና ዝም በል» አሉት። እስከ ትናንት በእግሩ የረገጠውን ነገር ሕዝቡ በአንድ ጠዋት በራሱ ላይ ተሸከመው።

አባ ጠጠር አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከረጢት ስትጎትት አየ። ያን ጊዜ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በሴት ልጁ አጥር በር አጠገብ፣ ጋሪውን ገልብጦ ላዩ ላይ ወጣ።

«ስሙኝ! ብር የለበትም። ብር ቢኖርበት ኖሮ እኔ ባትሪ ስሰብር አረጅ ነበር?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ከረጢቱን የለቀቀ ግን አልነበረም።

«መርዝ ነው። መርዝነቱን አውቅ ነበር፤ ወተት የምጠጣው ለዚያ ነው። ለእናንተ አልነገርኳችሁም። ለራሴም አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

አባ ጠጠር ወደ ሴት ልጁ አጥር በር ተመለከተ። ለልጁ ለብቻዋ፣ አስቀምጦ፣ እጇን ይዞ ሊነግራት ያሰበው ነገር ነበር። አሁን በጋሪ ላይ ቆሞ ለሰፈሩ ካልተናገረው ግን ከረጢቶቹ ወደየቤቱ መግባታቸው ነው።

«ሚጣ» አለ። «የልጅ ልጄ። አምና ስትጮህ ሁላችሁም ሰምታችኋታል። አሁን የማትናገረው ዓይነ አፋር ሆና አይደለም። ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ከሁላችሁም ደጅ አብልጬ የደፋሁት ለእሷ ነው፤ ከሁላችሁም አብልጬ ስለምወዳት።»

ከረጢቶቹ ተራ በተራ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያቺ እናት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መዳፉን እየገለበጠች ታይ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ የሚያቦካበትን እጁን ከሰውነቱ አርቆ ያዘው።

አባ ጠጠር የጀመረውን መጨረስ ነበረበት። «ጠጠሩን አውጥተን ንጹሕ አፈር ብናለብስ የልጆቻችሁ ቁርጠት ይቀንሳል። ትምህርት ይገባቸዋል፤ ‹ሰነፍ› እያላችሁ የገረፋችኋቸው በደላቸው ሳይኖር ነው። የተረገዙት ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። የሚመጡት ልጆች በልተው ይጠግባሉ፣ ይናገራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ከማንም ልጅ አያንሱም። ኮሚሽኑ የሚለው ይሄንን ነው። እኔ ስስቅባቸው የኖርኩት በዚህ ነው።»

«አባዬ።»

ሴት ልጁ ከዳቦ ቤቱ ወረፋ መካከል ወጣች። ሚጣን ታቅፋለች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«የሚመጡት ይናገራሉ አልክ።»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«የመጣችውስ?»

አባ ጠጠር ከሊቀመንበሩ አጠገብ ወደቆመችው የወንድሙ ልጅ ዞረ። እሷም ወደ ፊት ወጣ ብላ «እንዳይብስባት እናደርጋለን» አለች። «ሐኪም ያያታል፣ መድኃኒትም አለ። የጠፋባት ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም እህቴ።»

ሴት ልጁ አባቷን ሳታይ፣ ወደ ግቢዋም ሳትገባ፣ ሚጣን ይዛ ወደ ላይኛው ሰፈር አቅጣጫ ሄደች።

የኋላውን ለመናገር ያህል፣ ጠጠሩ በዚያው ክረምት ወጣ። ችግኙ ጸደቀ፤ መምህርቷም ከአዲስ ገቢዎቹ ሕፃናት ጋር መሳቅ ጀመረች። አሁን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ባትሪም በሰው መኖሪያ አይሰበርም። ማዘጋጃ ቤቱ ለራሱ አጨበጨበ። ኮሚሽኑን «ከመቶ ስንት ነው?» የሚለው ሰው ጠፋ። ይህ ሁሉ ጥቅም ነው፤ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ አንብቦ የሚማር ካለ በሌላ ሰፈር እንደ ሚጣ ያለ ዋጋ ሳይከፈልበት ሊገኝ ይችላል።

በዚያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። አባ ጠጠር ከጋሪው ወርዶ አካፋ አነሳና የሴት ልጁን ደጅ መቆፈር ጀመረ። ሽማግሌ አካፋ ሲያነሳ የሚያይ ጎልማሳ «ኧረ አባቴ፣ እኔ ልያዝልዎ» ብሎ መቀበል አለበት፤ ያ ሁሉ ሰውም ይህን ያውቃል። አባ ጠጠር በሚንቀጠቀጥ እጁ ብዙ ቆፈረ። ማንም አልተቀበለውም።